ሰባት ሰዓት ያልኩት ደም

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ቁጣዬንና ሐሜቴን እየዘረዘርኩ ይህችን እዘልላታለሁ። ዛሬ ለአንተ ለማታውቀኝ እነግርሃለሁ፤ ስትሰማኝ ግን አትዘንልኝ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የግል ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። ካንሰርን ከደም ለመፈለግ ናሙና የሚያዘጋጅ ማሽን መጣልንና በእጃችን የምንሠራውን ማጣራትና መከፋፈል ሁሉ ተረከበን። ለእኛ የቀረልን ደሙን መቅዳትና የተቀዳበትን ሰዓት መሙላት ብቻ ነበር። ከተቀዳ ስድስት ሰዓት ያለፈውን ደም ማሽኑ አይቀበልም፤ ሲቆይ የበሽታው ምልክት ይደበዝዛልና።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቡሬ ሄጄ የወይዘሮ የሺወርቅን ደም ቀዳሁ። ባላገር ናቸው፤ ጎናቸውን እያመማቸው፣ በዓል ስለሆነ ከሥራ ተርፈው በእግራቸው መጥተዋል። ደም ሥራቸው አልገኝ ብሎኝ ሦስት ጊዜ ወጋኋቸው።

"አደራ የኔ ልጅ፣ ድጋሚ ተመለሽ እንዳትሉኝ፤ ጤፉ ደርሷል" አሉኝ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ከዚያ ለዝክር አበልጄ ቤት ጎራ አልኩ። የደሙን ሳጥን ከመደቡ ሥር አድርጌ ጠላ ጠጣሁ። ማን ያዘኝ? ማንም። ልነሳ ስል ቆይ ሲሉኝ ደስ እያለኝ ነው የተቀመጥኩት። ፍኖተ ሰላም ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር።

መጀመሪያ እውነቱን ሞላሁ፤ ማሽኑ መለሰው። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቆጥር ሁላችንም በየቀኑ እየተሳሳትን እናርም ነበር፤ አለቃችንም ሳያነብ ያጸድቃል። እኔም "የሰዓት ስህተት" ብዬ ጻፍኩና በሦስት ሰዓት የቀዳሁትን ደም ሰባት ሰዓት አልኩት። ተቀበለኝ። ሴትዮዋን ማመላለስ አሳዝኖኝ ነው አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው፤ የት ቆየህ መባልን ፈርቼ ነው።

ውጤቱ ምንም አልተገኘም አለ። እኔው ደውዬ ነገርኳቸው፤ በስልኩ እልል አሉ። ከዚያ ወዲያ ሕመሙ ሲብስና ልጆቻቸው ሐኪም ዘንድ እንሂድ ሲሏቸው፣ ማሽኑ ነጻ ብሎኛል እያሉ እምቢ ይሉ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ሐኪም ዘንድ ሲመጡ ለካንሰሩ በጣም ዘግይቷል። ሰኔ ላይ ተቀበሩ።

ደሙ በሰዓቱ ቢደርስ ኖሮ በሽታው ይገኝ ነበር? አላውቅም። ይህን አለማወቄን ግን መሸሸጊያ አላደርገውም። እውነቱን ብናገር ደሙ እንደገና ይቀዳ ነበር፤ እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ተዝካራቸው ላይ ሄድኩ። ባላቸው እጄን ይዘው ከካህናቱ አጠገብ አስቀመጡኝና ለተሰበሰበው ሰው፣ "የመጨረሻ ወራቷን ያለ ስጋት ያኖረልኝ ይህ ልጅ ነው" አሉ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። የቀረበልኝን ጎረስኩበት።

እሳቸውን ይቅርታ መጠየቅ አልችልም። ባላቸው ግን በሕይወት አሉ። ቡሬም ሩቅ አይደለም፤ እስከ ዛሬ አልሄድኩም።