በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ የጻፍኳቸው ሽማግሌ

ፖሊሶች ወጣቶችን ታነሳሳለህ ብለው ከማስተምርበት ክፍል የያዙኝ ጠዋት ነው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንኳ አላለቀም ነበር። ከቤቴ አንድ መጽሐፍ ወሰዱ፤ አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ተብላ በምትጻፍበት ዘመን የታተመ የጂኦግራፊ መጽሐፍ። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ሃያ ሰው እየተኛበትም ሲሚንቶው የጤፍ ብናኝ ይሸት ነበር።

መጽሐፉ ስለ ከተማዋ ብዙም አይልም። የቀረውን እኔ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ሞልቼዋለሁ፤ ገበያው ድሮ የት ይቆም እንደነበር፣ የወንጪ ፈረሰኞች በየት ይመጡ እንደነበር። ተማሪዎቼን ይዤ እየዞርኩ ሳነብላቸው፣ በየቀኑ የሚረግጡትን መሬት እንደ አዲስ ያዩት ነበር። ምንጩ ያልተጻፈ ማስታወሻ ሐሜት ነው እላቸው ስለነበር፣ ከየማስታወሻው ሥር የነገሩኝን ሽማግሌ ስምና ሰፈር ጽፌአለሁ። እንዲህ ያልኩ ቂል ነበርኩ።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ሻይ አዘዘልኝ።

«ይህ የፈረስ መንገድ ለምን አስፈለገህ?»

«ለትምህርት።»

«የመኪና መንገድ እያለ?»

መርማሪው ከየማስታወሻው ሥር የሚደጋገመው የአንድ ሽማግሌ ስም ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ሁሉንም የሚነግሩህ እኚህ ናቸው። የሚያደራጁህም እሳቸው ናቸው ማለት ነው።»

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን እኔ ወዳለሁበት ክፍል አመጧቸው። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ዱላቸውን በር ላይ ስለወሰዱባቸው ግድግዳ እየዳበሱ ገቡ። ቦታዬን ለቀቅኩላቸው። ቀና ብዬ ማየት ግን አቃተኝ።

«በርሲሳ» አሉኝ፣ መምህር ማለታቸው ነው፤ «እኔ የነገርኩህ የገበያውን ነገር ነው። ሌላ ነግሬሃለሁ?»

«አልነገሩኝም፣ አባባ።»

«ታዲያ ስሜን ምን ብለህ ጻፍከው?»

«የነገሩኝ እርስዎ መሆንዎ እንዲታወቅ ብዬ።»

«ታወቀ» አሉ።

በማግስቱ መርማሪው የተተየበ ቃል አቀረበልኝ። ሽማግሌው ወጣቶቹን አነሳሳ ብለው አዘውኛል ይላል። ከፈረምክ ዛሬውኑ ትወጣለህ አለኝና እስክሪብቶ ሰጠኝ። መውጣት እፈልግ ነበር፤ አልዋሽም። ወረቀቱ ግን ሰፊ ኅዳግ ነበረው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትይዩ «ይህን እኔ አላልኩም፤ የጻፈው መርማሪው ነው» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ፈረምኩ። መርማሪው አንብቦ ወረቀቱን አጠፈው። ሻይ ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

እሳቸው በሳምንታቸው ተለቀቁ፤ ሲሚንቶው ግን ጉልበታቸውን ጨርሶት ነበር። እኔ አራት ወር ቆየሁ። መጽሐፉን አልመለሱልኝም። ይቆጨኛል፤ የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም።

እንደወጣሁ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ወንበር አስመጡልኝ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቶቹ አወራን። ስለ ድሮው ከተማ ሳነሳባቸው «ረስቻለሁ» አሉ። እንዳልረሱ አውቃለሁ።

አምና ሞቱ። በቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ የተወለዱበት፣ የልጆቻቸው ብዛት፣ ያገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን። እሳቸው ብቻ ያውቁት ከነበረው አንድም ነገር የለበትም። እኔ መጻፍ እችል ነበር። ልጃቸው ግን ቀድማ፣ «በርሲሳ፣ አይቀየሙኝ፤ የአባዬን ሌላ ሰው ይጻፈው» ብላኝ ነበር። ሲነበብ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ።