ከከል ላይ ነጭ ጋዋን

እህቴ ሕክምና የምትማረው ደብረ ብርሃን ነው። ተማሪዎቹ የክፍል ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ሕሙማን ክፍል ሊገቡ ሲሉ አንድ ሥርዓት አላቸው። ነጩን ጋዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለብሱት በገዛ እጃቸው አይደለም። ስማቸው ሲጠራ ጋዋኑን ክንዳቸው ላይ አድርገው ወደ መድረክ ይወጣሉ፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው ተከትሎ ይወጣና ያለብሳቸዋል። እህቴ የመረጠችው እናታችንን ነበር።

እናቴ ከአጎቴ ጋር ከአንኮበር የመጣችው በዋዜማው ነው። አባታችን ከሞተ ዓመቱ አልሞላምና ከሻሿ እስከ ቀሚሷ ከል ለብሳለች። ስትገባ በተከራየሁት ክፍል የጋዋኑን እጅጌ እያሳጠርኩ ነበር፤ እህቴም አጠገቤ ነበረች። ስፌት ያስተማረኝ የለም፤ ያረጁ ኮቶችን እየፈታሁና መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። እናቴ ጋዋኑን ጭኔ ላይ አየችው፤ አልነካችውም።

«እኔ አላለብስሽም» አለቻት እህቴን። «ከል የለበሰ እጅ ደስታ አይጀምርም። አጎትሽ ያልብስሽ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ የፈለግሁት…»

«በቃ ልጄ።»

እህቴ ጋዋኑን ተቀብላኝ መተኮስ ጀመረች። ኮሌታው ቀጥ ካለ በኋላም ካውያውን ስታመላልስበት ቆየች።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ አጎቴ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ «ይሄስ ከሜዳው ይብሳል» አለ። «ደግነቱ ብርድ ቢመታን እዚህ ሐኪም አይጠፋም።»

«ገና ተማሪዎች ናቸው፤ በአንተ ሊለማመዱ ነው?» አለችው እናቴ።

ዝግጅቱ ሳይጀመር የእህቴ መምህር የሆኑ አንዲት ሐኪም ቤተሰቡን እየዞሩ ሰላም ሲሉ እኛ ጋ ደረሱ። ጋዋናቸው ከመታጠብ ብዛት ኪሱ አካባቢ ሳስቷል። ከኮሌታው ሥር ጥቁር ሹራብ፣ ከጫፉ በታች ጥቁር ቀሚስ ይታያል። እኔ ብቻ ያየሁት መስሎኝ ነበር።

«እርስዎም ሐዘን ላይ ነዎት?» አለች እናቴ።

«አዎ እናቴ። ወንድሜን ቀብሬ ነው።»

«ታዲያ ነጩን እንዴት ለበሱት?»

ሐኪሟ ከእናቴ ወንበር ጎን ቁጢጥ አሉ። «መጀመሪያ አቅቶኝ ነበር። ይዤው በር ላይ ቆምኩ። ግን ውስጥ የተኛው ሰው የራሱ ጭንቅ ይበቃዋል፤ የእኔን ለምን ልጨምርበት? ከሉ ከውስጥ ነው፣ ይሄ ከላይ። ማታ ሳወልቀው ሐዘኔ እዚያው አለ፤ የትም አይሄድም።»

«እግዜር ያጽናዎት።»

«እርስዎንም ያጽናዎት።»

ሐኪሟ ወደ ሌላው ቤተሰብ ሲያልፉ እናቴ ጋዋናቸውን በዓይኗ ተከተለችው። ተማሪዎቹ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ፦ የታማሚን ምስጢር ሊጠብቁ፣ ድኻና ሀብታም ሳይለዩ ሊያክሙ። የእህቴ ከንፈር ከሌሎቹ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኗ ግን እኛ ጋ ነበር። ስም መጠራት ተጀመረ። አንድ አባት ጋዋኑን ገልብጠው ሊያለብሱ ሲሉ ልጃቸው «ኧረ አባባ፣ በዚህ በኩል!» ብላ አዳራሹን አሳቀችው።

የእህቴ ስም ተጠራ። አጎቴ ጋቢውን ወንበሩ ላይ ጥሎ ተነሳ። እናቴ ክንዱን ያዘችው።

«አንተ ተቀመጥ።»

ጥቁር ነጠላዋን አጥብቃ የመድረኩን ደረጃ ወጣች። ማን እንደመጣላት ስታይ እህቴ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ እጆቿን ወደ ኋላ ዘረጋች። እናቴ፣ ልጅ እንደሚያለብሱት፣ መጀመሪያ አንዱን እጅ፣ ቀጥሎ ሌላውን አስገባችላት። ወደ ራሷ አዞረቻትና ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈች። አላለቀሰችም። ለልጇ ስትል ሐዘኗን እንዲህ ቀጥ አድርጋ ይዛ ስትቆም ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እህቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች፤ እናቴ በትከሻዋ ቀና አድርጋ ሳመቻት።

አዳራሹ አጨበጨበ። እናቴ ግን ፊት ወደተቀመጡት የሌሎች ተማሪዎች እናቶች ዘወር አለች።

«ጭብጨባ ብቻ ነው እንዴ? እኔ ሐዘንተኛ ነኝ፣ አልችልም። እናንተ እልል በሉላት እንጂ!»

የማናውቃቸው ሴቶች ብድግ ብድግ ብለው እልልታውን አቀለጡት። አስተዋዋቂው ቀጣዩን ስም ሊጠራ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተወው፤ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ እስኪጨርሱ ጠበቀ።