ምንም የማትሸት ነርስ

ልጇን ይዛ ተራ የምትጠብቀው እናት ዓይኗን ከደልዳላዋ ነርስ ላይ መንቀል አቃታት። ነርሷ አስም ያለባቸውን ልጆች ሰብስባ፣ «በሉ ፖሊሶቼ፣ ትንፋሻችሁን የሚሰርቀውን ሌባ በአፍንጫችሁ ያዙልኝ!» ትላለች።

ልጆቹ ወላጆችን እያሸተቱ ዞሩ። «ሲጋራ!» ሲሉት አንዱ አባት ጃኬቱን ውጭ ሊሰቅል ወጣ። «ሽቶ!» ሲሏት እናትየዋ እየሳቀች እጇን ሰጠች።

ትንሿ ልጇ ግን የነርሷን ጋውን ደጋግማ አሽትታ፣ «አንቺ ምንም አትሸቺም!» አለች።

«ሽቶማ ነፍሴ ነበር፣ የኔ እመቤት። የኔም ልጅ እንዳንቺ ያፍናት ስለነበር ተውኩት።»

«የት አለች?»

«አድጋ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛለች።»

«ታዲያ አሁን ለምን አትቀቢም?»

ነርሷ የጋውኗን ኮሌታ እያስተካከለች በሩን አየት አደረገች።

«ሳትነግረኝ መጥታ ብታቅፈኝስ?»