ካፒቴኑ አጎቱን አሳፍሮ ደመና ሲገጥመው

«ማኮብኮቢያው ይታያችኋል?» አለችን የበረራ ተቆጣጣሪዋ በሬዲዮ። ካፒቴኔን ላብ አጠመቀው።

ረዳት አብራሪ ነኝ። ዛሬ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ስንበር የካፒቴኑ አጎት ጋሽ ተክሌ ከኋላ ተሳፍረዋል። አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው።

ደብረ ብርሃን አካባቢ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለነበር ካፒቴኑ ማይክራፎኑን አንስቶ «በግራ በኩል የአጎቴ አገር አንኮበር አለላችሁ» ብሎ ጎርሮ ነበር። (አስጎብኚ መሆን አምሮት ነው።)

አዲስ አበባ ስንደርስ ግን ደመናው ግጥም አለ።

«ይታየናል» ካልን በዓይናችን እያየን በአቋራጭ እንገባለን። ካልታየን ዙሪያውን ሄደን በመሣሪያ ነው የምናርፈው።

ዞር ብሎ አየኝ። «እኔም አልታየኝም» አልኩት።

«አይታየንም» አላት ኮስተር ብሎ። አዞረችን። ተሳፋሪው አጉረመረመ።

ካረፍን በኋላ ጋሽ ተክሌ በሩ ላይ ያዙት።

«ለምን አዞርከን?»

«መንገዱ አልታየኝም፣ ጋሼ።»

ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ደግ አደረግህ! የእኔም በቅሎ ገደል ዳር ጭጋግ ሲይዛት ቀጥ ትላለች፤ ብገርፋትም አትሄድ።»

ካፒቴኑ መመስገኑ ይሁን በቅሎ መባሉ እስካሁን አልገባውም።

እናንተንስ ዘመድ እንዲህ አመስግኗችሁ ያውቃል? ኑ፣ አውጡት!