የሶላንዥ ኮረኮንች

ሶላንዥ ቶፕኖ ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ላያት ሰው፣ ዳቦ ልትገዛ ሳይሆን ግብር ልትበላ የተጠራች ይመስለዋል። ጀርባዋ ቀጥ፣ አገጯ ከፍ ያለ፣ ሽበቷን በቀይ ሻሽ ሸብ ያደረገች መለሎ ሴት ነች። ስድሳ አምስት ዓመቷን ደፍናለች። በፈረንሳይ ገጠር፣ በሞንትሬል መንደር እጅ ሳይነሳት የሚያልፍ የለም፤ ከመንደሩ አሮጊትና ሽማግሌ መካከል እሷ ያላጠበችው፣ እሷ ያላጎረሰችው፣ እሷ ያልተቆጣችው አይገኝማ። የደከሙትን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራዋ ይኸው ነበር።

አባቷ በሞርቫን ጫካ እንጨት ቆራጭ ነበር። የአባቷ አያት ደግሞ፣ እንደ ዘመኗ የሞርቫን ሴቶች፣ የራሷን ሕፃን ለእናቷ ትታ የፓሪስ ሀብታሞችን ልጆች ልታጠባ የሄደች ሴት ነች። ስትሄድ የሸኛት፣ ስትመለስም የተቀበላት ያው በመንደሩ ሐይቅ ዳር ዞሮ፣ የፈረሰውን ገዳም ታክኮ ጫካውን የሚሰነጥቀው ኮረኮንች መንገድ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በጀርመን ላይ ሸፍተው ጫካ ለገቡት ጎረምሶች ዳቦ ይደርሳቸው የነበረው በሱ ነው። ሶላንዥም ትምህርት ቤት የተመላለሰችው በዚያው ላይ ነው፤ ከወፍጮ ቤቷ ከኡጌት ልጅ፣ ከሬዢ ኩላንድር ጋር። አንዱ የሰው ፖም ሲያወርድ ሌላው ውሻ እየጠበቀ ነበር ያደጉት።

ሬዢ ወጣት ሳለ ወደ ሊዮን ወረደና በግንባታ ሥራ ከበረ። ሶላንዥ እዚያው ቀረች። የግንድ መኪና የሚነዳውን አርማንን አገባች፣ አንዲት ልጅ ወለዱ፣ ልጅቱም ተድራ ወደ ናንት ሄደች። አርማን በሳንባ በሽታ ሲማቅቅ ቆይቶ ሞተ። እሷም ጡረታ ወጣች። ሌላውን ስታስታምም የኖረች ሴት፣ ጠዋት ስትነሳ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ነው ወፋፍራም ጎማ ያለው ብስክሌት የያዙ ሰዎች አስፋልቱን እየተዉ በጫካው ኮረኮንች መንጎድ የጀመሩት። ከሰቶን ሐይቅ ወደ ፓንሲየር ሐይቅ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ ቡቭሬ ተራራ። ሶላንዥ በመስኮት እያየቻቸው ትስቅ ነበር።

«ደህና መንገድ እያላቸው ጭቃ የሚመርጡ! እናት የላቸውም?» ትላለች።

አንድ ቀን ከነዚሁ አንዱ፣ ዋውተር የሚባል ቤልጅጋዊ፣ ልክ በሯ ፊት ለፊት ተገልብጦ ትከሻው ተሰበረ። ክንዱን በአርማን የአንገት ልብስ አስራ፣ ሾርባ አጠጥታ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ አብራው ተቀመጠች። ብስክሌቱን አደራ ብሏት ሄደ።

አደራውን ግን በላችው። መጀመሪያ ከግርግም አውጥታ አቧራውን ጠረገች። በሌላ ቀን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ገፋችው። ከዚያ «ቆሞ ጎማው ይበላሻል» አለችና ወጣችበት። አንድ ጊዜ ወደቀች፤ ማንም አለማየቱን አረጋግጣ ተነሳች። በጋው ሳያልቅ፣ ተወልዳ ባደገችበት አገር በዓይኗ አይታው የማታውቀውን ሁሉ አየች። በቡቭሬ ተራራ አናት ከሮማውያን በፊት የነበሩትን ሰዎች ከተማ ፍርስራሽ ዞረችው። ቬዝሌ ድረስ ዘልቃ፣ ከኮረብታው ላይ እንደ መርከብ የቆመውን የጥንት ቤተ ክርስቲያን ስታይ ላቧ ሳይደርቅ አለቀሰች። ማታ ለልጇ ደወለች።

«ይኼ ሁሉ የኛ ኖሯል እኮ!» አለቻት። «ሰው ከዓለም ዳርቻ ድረስ መጥቶ ያያል፤ እኔ ድንች ስልጥ ነበር።»

ዋውተር ትከሻው ድኖ ሲመጣ ብስክሌቱን ጭቃ በጭቃ ሆኖ አገኘው።

«ማዳም ቶፕኖ፣ ብስክሌቴ ብቻውን ሲዞር ነበር እንዴ?»

«ቆሞ ከሚዝግ ብዬ ነው» አለች፤ ፊቷ ሻሿን መሰለ። «ጎማውን አሳጥቤ ልስጥህ።»

ሰውየው ብስክሌቱን አየ፣ እሷን አየ። «ይተዉት፤ እሱም እርስዎን ለምዷል። እኔ ቤት ሌላ አለኝ» አለና ሾርባዋን ጠጥቶ በባቡር ተመለሰ።

ሬዢ ከሊዮን የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው። በሐይቁ ዳር ያለውን የጥንት መሳፍንት ግንብ ገዝቶ አደሰው፣ ፈረሶች አስገባ። እናቱ ኡጌት «እኔ ከወፍጮዬ አልነቃነቅም» ስላለችው፣ በግንቡና በወፍጮው መካከል እየተመላለሰ ይጠይቃታል። ሶላንዥም፣ ጡረታ ወጣች ተብሎ ኡጌትን አልተወቻትም። በየሳምንቱ ሐሙስ በኮረኮንቹ ትሄዳለች፣ ፀጉሯን ታጥብላታለች፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ኡጌት ታጭበረብራለች።

አንድ ሐሙስ እንደ ልማዷ ስትበር፣ ከገዳሙ ፍርስራሽ እልፍ ብሎ መንገዱ በብረት በር ተዘግቷል። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ሬዢ ከወዲያ በኩል ከፈረሶቹ መሃል ቆሟል።

«ሬዢ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«በር ነው። በር አይተሽ አታውቂም?»

«በር ቤት ላይ ነው የማውቀው።»

«መሬቱ የኔ ነው ሶላንዥ። እንዳንቺ ያለው ብቻ ቢሆን ምን ገዶኝ! እነዚያ ብስክሌተኞች አጥሬን ከፍተው ጥለው ሄዱ፤ ባዝራዬ አስፋልት ላይ ወጥታ መኪና እግሯን ሰበራት። ተኩሰን ገደልናት። ሰምተሻል አይደል?»

ሰምታለች።

«ለባዝራዋ አዝኛለሁ። ከፍቶ የሄደውን ባገኘው ጆሮውን የምጠመዝዘው እኔ ነኝ። ግን አንድ ባለጌ አጠፋ ተብሎ የሁላችን መንገድ ይታጠራል?»

«በመኪና ዙሪ። አስፋልቱ የተሠራው ለምን ሆነና?»

«እናትህ ጋ ነው የምሄደው።»

«ደግሞስ ጡረታ ወጥተሻል፤ ማን ሂጂ አለሽ?»

ይህችኛዋ ነገር ወጋቻት። ብስክሌቷን ሽቅብ አንስታ በበሩ ላይ አሳለፈችው፤ ቀጥላ ራሷ ወጣች። ስትወርድ መዳፏ በብረቱ ጠርዝ ተላጠ።

«ኧረ በዚህ ዕድሜሽ ትሰበሪያለሽ!» ብሎ ጮኸ ሬዢ።

«አንተ ፖም ዛፍ ላይ ስትንቀጠቀጥ ያወረድኩህ እኔ ነኝ። ስለ መውጣትና መውረድ አትምከረኝ!» ብላው ኮርቻዋ ላይ ተፈናጠጠች።

ከዚያን ቀን ወዲያ በየሐሙሱ በሩን ትወጣዋለች። ሬዢ ውሻ አሰረ፤ ውሻው የሶላንዥን የአይብ ቅርፊት ሲለምድ ገና ከሩቅ ጅራቱን ይቆላላት ጀመር። በመጨረሻ ነገሩ ወደ መንደሩ ከንቲባ ወደ ቲዬሪ ደረሰ። ቲዬሪ ጠብ የማይወድ፣ ሁለቱንም ወገን «ልክ ነዎት» ማለት የሚቀናው ሰው ነው።

«ማዳም ቶፕኖ፣ ልክ ነዎት» አላት። «ግን ዳኛ ፊት ብንቀርብ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ ሰው ይሄድበታል ወይ? ማንም የማይሄድበት ከሆነ ለሬዢ ሊፈርድለት ይችላል። እውነቱን ይንገሩኝ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ በመኪና ነው የሚዞረው። ከእርስዎ በቀር ማን ይሄድበታል?»

«ከኔ በቀር?»

«ከእርስዎ በቀር።»

ሶላንዥ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወጣች። የዚያን ዕለትም የማግስቱንም ቀን በር ስታንኳኳ ዋለች። ያንኳኳችው ያኔ ለሥራ ስትገባባቸው የነበሩትን ደጆች ነው።

«እናታችሁን አጥቤላችኋለሁ፤ ውለታ ይመለስ ብዬም አላውቅ» ትላቸዋለች። «አሁን ግን እግራችሁን እፈልገዋለሁ። እሑድ ብስክሌት ይዛችሁ ገዳሙ ጋ ኑ።»

«እኔ ኮ ብስክሌት ላይ የወጣሁት ልጆቼ እንኳ ሳይወለዱ ነበር!» አለች የዳቦ ቤቷ ኦዲል።

«እንግዲያው ልጆችሽም ይምጡና ጉድሽን ይዩ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሆነውን ሞንትሬል እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ከየግርግሙ ያልወጣ ብስክሌት አልነበረም። የዛገ፣ ፍሬን የሌለው፣ የድሮ ፖስተኛ የነዳው፣ ዶሮ እንቁላል የጣለችበት ቅርጫት የተሸከመ። ጡረተኛው የሕግ አዋቂ ሙስዬ ቦኖ ክራቫቱን እንዳሰረ መጣ። ኦዲል በባሏ ብስክሌት እየተንገዳገደች ደረሰች፤ ባሏ ከኋላ በእግሩ እየሮጠ «ያዢ! ፍሬን ያዢ!» ይላታል። ዋውተር ሰምቶ ኖሮ ጓደኞቹን አስከትሎ ከቤልጅግ ከተፍ አለ። ቲዬሪም መጣ፤ ማንንም ላለማስቀየም ብስክሌቱን እየገፋ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሶላንዥ የመጀመሪያዋ ሆና ተሻገረች። ከዚያ ብስክሌቶቹ ልክ እሳት ለማጥፋት ባልዲ እንደሚቀባበሉት ከእጅ ወደ እጅ በበሩ ላይ ያልፉ ጀመር። ሬዢ ውሻው ሲጮህ ሰምቶ እየተቻኮለ ወረደ።

«ሰርከስ ነው እንዴ? ፖሊሶች እጠራለሁ!»

«ጥራቸው!» አለች ኦዲል ከበሩ አናት ላይ፣ አንድ እግሯ ወዲህ አንድ እግሯ ወዲያ ሆኖ። «ሲመጡ ግን መጀመሪያ እኔን ያውርዱኝ!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሬዢ ብቻ አልሳቀም፤ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። በዚህ መሃል ከወፍጮው በኩል የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ኡጌት ኩላንድር ነች። ከወፍጮዋ ደጃፍ ርቃ ከሄደች ስንት ዘመኗ ነው፤ ያንን ሁሉ ኮረኮንች ብቻዋን እየተደገፈች መጥታለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ሁሉም ጠበቃት።

«ሬዢ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን ይሰማል። «ሶላንዥ አንድ ሐሙስ መዳፏ ተልጦ መጣች። ምን ሆንሽ ብላት፣ እሾህ ነው አለችኝ። የልጅሽ በር ነው አላለችኝም። ዛሬ ጠዋት ከሰው አፍ ነው የሰማሁት።»

«እማዬ፣ ስለ ባዝራዋ ብዬ እኮ ነው...»

«ባዝራዋን አልቅሰንላታል። ክፈተው።»

«እማዬ...»

«አለዚያ እኔም እወጣበታለሁ» አለችና ከዘራዋን ለሙስዬ ቦኖ አቀበለች፣ እግሯን አንስታ በታችኛው ብረት ላይ አሳረፈች።

ሬዢ ዘሎ ወገቧን ያዛት። የሳቀ ሰው አልነበረም። ቁልፉን ለማግኘት ኪሶቹን ሁሉ ዳበሰና በሩን ከፈተው።

ሌላ ሰው ቢሆን እልል ባለ፤ ጥቂቶቹም ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አንስተው ነበር። ሶላንዥ ግን ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ስሙኝ!» አለች ጮክ ብላ። «መጨረሻ የሚያልፈው ሰው በሩን ይዝጋው። ፈረሶች አሉ።»

ሬዢ ቀና ብሎ አያት። ከራሱ ላይ ባርኔጣውን አወለቀ። ኡጌትን ወደ ወፍጮው ሲመልሷት አንድ ክንዷን እሱ፣ ሌላውን ሶላንዥ ይዘው ነበር፤ ብስክሌቷን ኦዲል ገፋችላት።

ዳኛ ዘንድ የሄደ ሰው አልነበረም። የመንደሩ ሸንጎ መንገዱ የመንደሩ ነው ብሎ ወሰነ፣ ሬዢም አልተከራከረም። በከባዱ በር ፋንታ ማንም ገፋ አድርጎ የሚከፍተው፣ ከኋላው ደግሞ በራሱ ክብደት የሚዘጋ የእንጨት በር ተተከለ። የእንጨቱን ሥራ የሠራው ራሱ ሬዢ ነው፤ እጁ ገና ሙያውን እንዳልረሳ ሲነግሩት ደስ ይለዋል።

በተከታዩ ዓመት በሰኔ መንደሩ ሐይቆቹን ዞሮ በገዳሙ በኩል የሚመለስ የብስክሌት ጉዞ አዘጋጀ። ከየአገሩ ሰው ጎረፈ። ሶላንዥ ከመነሻው በፊት ሁሉንም ሰብስባ፣ አጥር ከፍቶ የተወ ወይም የብስኩት ወረቀት የጣለ ሰው የሚደርስበትን ነገረቻቸው፤ ጢማም ጎረምሶች እንደ ሕፃን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እሷም ከነሱ ጋር ወጣች።

ዝናብ ያዛቸው። ከፓንሲየር ሐይቅ በላይ ያለው ዳገት ላይ ብዙዎች ወርደው ሲገፉ እሷ አልወረደችም። ጥርሷን ነክሳ፣ እያለከለከች፣ ከሚገፉት ባነሰ ፍጥነት እየሄደች እንኳ አልወረደችም። አጠገቧ የሚገፋ አንድ ወጣት «ማዳም፣ ቢወርዱ እኮ ይፈጥናሉ» ሲላት፣ «አውቃለሁ» አለችው፤ ሌላ ቃል የሚያወጣ ትንፋሽ አልነበራትም።

ሞንትሬል አደባባይ ስትደርስ ፊተኞቹ ቋሊማቸውን በልተው ጨርሰው፣ ወይን ጠጃቸውን እየተጎነጩ ነበር። ከእግር እስከ ራስ ጭቃ ለብሳለች፤ ከሻሿ ቀይ የቀረው ጥቂት ነው። ቲዬሪ ድምፅ ማጉያውን አነሳ። እንደ ሌሎቹ ቁጥሯን ብቻ ሊጠራ ነበር፤ አሰበና ተወው።

«ሶላንዥ ቶፕኖ!» አለ። «የሞንትሬል ልጅ!»

አደባባዩ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ኦዲል ጣቶቿን አፏ ውስጥ ከትታ አፏጨች። ኡጌት ከፊተኛው ወንበር ላይ ከዘራዋን መሬት ላይ ትደበድባለች። ሶላንዥ ስሟ በሕዝብ ፊት ሲጠራ በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። አንገቷን አልደፋችም፣ «ኧረ ተዉኝ» አላለችም። ከኮርቻዋ ወርዳ፣ ብስክሌቷን በአንድ እጇ ይዛ ቀጥ ብላ ቆመችና ጭብጨባው እስኪያልቅ ሙሉውን ተቀበለችው።