እትዬ ጌጤ ከበረንዳው የተነሡ ጊዜ

ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ስናድግ ልብስ ተቀደደ ተብሎ አይጣልም ነበር። ወደ ደብሩ በሚያወጣው ዳገት መካከል፣ አንድ የድንጋይ በረንዳ ላይ፣ እትዬ ጌጤ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ፤ የተቀደደው ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል። የመኪና ዘይት፣ የከሰል ካውያ ያረፈበት እርጥብ ጨርቅና የአዲስ ካኪ ሽታ አንድ ላይ ከሸተተኝ ዛሬም ያ ዳገት ፊቴ ድቅን ይላል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከእግራቸው ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እንሻማ ነበር። ወንዶቹ ኳስ ይቋጥሩበታል፣ እኛ ሴቶቹ አሻንጉሊት እናለብስበታለን። እሳቸው ፔዳሉን ሳያቆሙ፣ «ምነው እናንተ ልጆች፣ እግሬንም ቆርጣችሁ ውሰዱት እንጂ» ይሉናል። ሸጋ አበባ ያለበት ቁራጭ ሲገኝ ግን ለእኔ ይደብቁልኝ ነበር።

ባላቸው የሞቱባቸው ገና በወጣትነታቸው ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች መኪና ነበር። ሥራቸውን የሚያመጣላቸው መንገደኛው ነው። ቅዳሴ የሚሄድ ቄስ የቀሚሱ ጫፍ ሲለቅበት እዚያው ቆሞ ያሰፋል፤ ቁልፉ የተበጠሰበት ተማሪ ደወል ሳይደወል ብሎ እየሮጠ ይመጣል፤ ከገበያ የምትመለስ ሴት የገዛችውን ጨርቅ እግረ መንገዷን ጥላላቸው ትሄዳለች። እሳቸውን ብሎ ከሩቅ የሚመጣ ብዙም አልነበረም። ሲያልፍ ያያቸዋል፣ ሲያያቸው የተቀደደው ትዝ ይለዋል።

አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። አነስተኛ ነጋዴዎችን እንደግፋለን አሉ። በየበረንዳው የሚሰፉትን ሴቶች አደራጅተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በአዘዞ መንገድ በኩል አዲስ የቆርቆሮ ሼድ ሊሰጧቸው ነው። መብራት አለው፣ ዝናብ አያገኛቸውም። በረንዳውን ግን መልቀቅ አለባቸው። እትዬ ጌጤ አሻፈረኝ አሉ። ሰዎቹ ቢቸግራቸው አባቴን ለመኑት። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበር፤ ሰፈሩ የኔታ ይለዋል፣ ቃሉም ይሰማል።

እኔም ተከትዬው ሄድኩ። እትዬ ጌጤ ብድግ ብለው በርጩማቸውን ለቀቁለት።

«ጌጤ፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅብሽ ስንት ዘመን አየሁሽ። አሁን እንኳ ጣራ ሥር ግቢ» አላቸው።

«የኔታ፣ እዚያ ማን ያልፋል?»

«ስምሽን የሰማ ይመጣል። እኛስ አለን አይደል?»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «እርስዎ ካሉ እሺ» አሉ በመጨረሻ።

ሼዱ ሲመረቅ ጭብጨባው ሌላ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ አባቴ ጸሎት አደረገ፣ እትዬ ጌጤ ነጠላቸውን አስተካክለው ከባለሥልጣኖቹ መካከል ፎቶ ተነሡ። ሰፈሩ በሙሉ እንመጣለን እያለ ተለያየ።

ማንም አልሄደም። ለአንዲት ቁልፍ ሁለት ታክሲ ማን ይሳፈራል? የተማሪ ልብስ እሳቸው ጋ ያሰፉ የነበሩ ወላጆች ፒያሳ ወርደው የተዘጋጀ መግዛት ጀመሩ። እናቴም ገዛችልኝ። ሼዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባዶ ሜዳ ላይ ነበር፤ በጋውን ቆርቆሮው ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን ጨርቁ ላይ ያራግፈዋል። አብረዋቸው የገቡት ሴቶች አንድ በአንድ ለቀው ሲሄዱ እትዬ ጌጤ ብቻቸውን ቀሩ። ወደ በረንዳቸው ልመለስ ቢሉ ክልክል ነው ተባሉ።

አባቴ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። የሚጠገን ነገር እየፈለገ ይወስድላቸው ጀመር። በቤት ውስጥ የተቀደደው ሁሉ ሲያልቅ፣ አንድ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የደህናውን ካፖርቱን ገበር በምላጭ ሲተረትር አየሁት። እናቴም አየችውና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ይዘን ሄድን። እትዬ ጌጤ ካፖርቱን ገልብጠው አዩና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«የኔታ፣ ይህን ማን ተረተረው?»

አባቴ መሬት መሬት አየ።

«ለምጽዋት ከሆነ የደብሩ በር ላይ እቀመጥ ነበር። እዚያስ ሰው ያልፋል» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ገበሩን ሰፍተው ሲጨርሱ ዋጋ አልቀበልም አሉ፤ አባቴም መለመን አቃተው። ካፖርቱን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የስፌት መኪናቸውን ሸጡ። ትልቁ ልጃቸው ትምህርቱን አቋርጦ ለቀን ሥራ መተማ ወረደ። እሳቸው ታናሹን ይዘው ትክል ድንጋይ ከተማ ዘመድ ጋ ተጠጉ፤ እዚያ የሰው ልብስ እያጠቡ ይኖራሉ ሲባል ሰማን። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ዛሬ እኔም እንደዚያው ባለ መሥሪያ ቤት አነስተኛ ነጋዴዎችን መደገፍ እንጀራዬ ሆኗል። በቅርቡ ባልደረቦቼ ማራኪ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በሚወጡበት በር ላይ ድንች የሚጠብሱ ሴቶችን አንሥተው ንጹሕ ቦታ ሰጧቸው፤ ከበሩ ርቆ፣ ከጀርባ በኩል። ተማሪው እዚያ ድረስ እንደማይሄድ በስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ሄደን እንያቸው ብልም ኃላፊያችን፣ «ቦታውን አስረክበናል፣ ቀሪው የእነሱ ነው» አለና ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ብቻዬን ሄድኩ። አንዲት ሴት የቀዘቀዘ ዘይቷን ወደ ጀሪካን እየመለሰች፣ «ደግሞ ምን ልታግዙን መጣችሁ?» አለችኝ። ዘይቱ እንዳይፈስባት ጀሪካኑን ያዝኩላት።

አባቴ ካረፈ ቆየ። እትዬ ጌጤ ከሄዱ በኋላ በዚያ ባዶ በረንዳ በኩል አልፎ አያውቅም፤ ጉልበቱን እያመመው፣ በጭቃም ቢሆን፣ በጓሮ በኩል ዞሮ ነበር ወደ ደብሩ የሚወጣው። ያኔ የሽማግሌ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን መኪና ግን በየቀኑ በማራኪ በር በኩል ያልፋል፤ በሌላ መንገድ ዙሩልን ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።