ሽምብራ የሞላሁበት ቅል

ስዊድን አገር፣ ሃሉንዳ በሚባል ሰፈር፣ ከቤቴ በር ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ከሴራሊዮን የመጣች፣ ሜንዴ ከሚባለው ሕዝብ የሆነች ሴት ናት። የተዋወቅነው ትቬትስቱጋ፣ ከሕንጻው ሥር ልብስ በምናጥብበት ክፍል፣ በማጠቢያ ተራ ተጣልተን ነው። እኔ ቶሎ ግንፍል እላለሁ፤ እሷ ሳቀችብኝና ነገሩ በዚያው በረደ።

አሮጊት እናቷ አብረዋት ይኖራሉ። ሰርግ ላይ የሚዘፍኑት ሰግቡሬ የሚባል ማንሿሿያ ይዘው ነው፤ የዶቃ መረብ የለበሰ ቅል። ያ ቅል ታዲያ ባለፈው ክረምት ከኤለመንቱ፣ ከግድግዳው ማሞቂያ፣ ሙቀት የተነሳ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ መዝፈን ተዉ። የልጅ ልጃቸው ሰርግ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ልጃቸው ከሱቅ ሌላ ማንሿሿያ ብታመጣላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ እዚህ ግን ራሱ ቅሉም አልቻለም።

እኔ ቤት ቅል አለ። እናቴ ወተት ትንጥበት የነበረ፣ በወይራ የታጠነ። ስትሞት አልደረስኩም፤ እህቴ በሰው ላከችልኝ። ምን አገባኝ ብዬ ቁምሳጥን ውስጥ ደበቅኩት። ግን በዚያ ሰሞን በረዶው ሲወርድ ሲወርድ እየዋለ፣ ቅሉን አውጥቼ ጆሮዬ ላይ አስጠጋዋለሁ፤ ወተቱ ከሩቅ ሲናጥ የምሰማው ይመስለኛል። ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ።

ሐሙስ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ደግሞ እኮ እንዲንሿሿ ብዬ ደረቅ ሽምብራ ሞልቼበታለሁ! አሮጊቷ ነቅነቅ አድርገው ግንባራቸውን ቋጠሩ። ልጃቸው በስዊድንኛ ተረጎመችልኝ።

«ድምፁ ከውጭ ነው የሚመጣው። ውስጡ ባዶ ካልሆነ አይዘፍንም።»

አፈርኩ። ሽምብራውን እዚያው ሳህን ላይ አራገፍነው። እሳቸው አፍንጫቸውን ወደ ቅሉ አፍ አስጠግተው የወይራውን ጢስ አሸተቱ። ከዚያ ክሩን እኔ ወጥሬ ይዤላቸው፣ የድሮውን ዶቃ አንድ በአንድ እየቋጠሩ ያለብሱት ጀመር። በመሃል የማን እንደነበረ አስጠየቁኝ። የእናቴ ነው አልኩ። ስሟንም ጠየቁ፤ ነገርኳቸው።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ሙሽራዋን ከበቡ። አሮጊቷ ቅሉን አነሱ፤ ዶቃው ሻ፣ ሻ አለ፤ ዘፈኑ። አንዲት ቃል አልገባኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜ እወዛወዛለሁ። ድንገት ከዚያ ሁሉ ሜንዴኛ መሃል የእናቴ ስም ወጣ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ደጋግመው ጠሯት።

በዚህ አገር ስሟን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ኖሮ አያውቅም። ያኔ ነው፣ ሰርግ መሃል ቆሜ፣ እናቴን ያለቀስኳት።